የችኩል ሰው ቢራ

ቢራ በቤቱ የሚጠምቅ ሰው ሆፕ የሚባለው አበባ እጁ ሲገባ የሚያደርጋት አንዲት ነገር አለች። ከደረቀው አበባ ቆንጠር አድርጎ ግራ መዳፉ ላይ ያኖራል፤ በቀኙ ይደፋበትና ፈተግ ፈተግ ያደርገዋል፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ገጥሞ አፍንጫውን ይቀብርበትና ዓይኑን ይጨፍናል። እስከዚህ ድረስ ብዙም አይደንቅም። የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ብቻውን አሽትቶ አይበቃውም፤ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ እነዚያን ሁለት መዳፎች እንዳሉ ያቀርብለታል። በሌላ ቀን ከአጥር ማዶ እጁን አውለብልቦ ብቻ የሚያልፍ ጎረቤት፣ ጨዋ ሰው፣ ሰው ፊት ማስነጠስ እንኳ የሚያፍር፣ «እስቲ አሽተው» ብሎ መዳፉን አፍንጫህ ሥር ያደርሳል። አንተም ታሸታለህ፤ ምን ታደርጋለህ?

ሽታው እንደ ዝርያው ነው። ካስኬድ የሚሉት ከሆነ መጀመሪያ ግሬፕፍሩት፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከኋላ ደግሞ ጥድ ጥድ የሚል ነገር ይመጣል። መዳፍ ላይ የሚቀረው ቢጫ ዱቄት ያጣብቃል፤ አንዴ በሳሙና ታጥበውት አይለቅም። የሆፕ ነገር ሁሉ፣ ምሬቱም መዓዛውም፣ ያለው በዚያ ቢጫ ዱቄት ውስጥ ነው፤ አረንጓዴው መጠቅለያው ነው ማለት ይቻላል።

እኔ የማየው የጎረቤቴን ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እንጀራውም በርበሬውም ጌሾውም ከሰፈር ሱቅ የሚገኝበት ከተማ፤ እሱ ግን የአገሩ ልጅ፣ በሙያው መሐንዲስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በጋራዡ ውስጥ ቢራ ጠማቂ ነው። ሙሉው አበባ እጁ የሚገባው አልፎ አልፎ፣ በዋሽንግተን ግዛት ያኪማ ሸለቆ በበጋቸው ማብቂያ ሲለቀም ነው። በሌላው ጊዜ የሚጠቀመው ተፈጭቶ የታመቀውን ነው፤ አረንጓዴ፣ ደረቅ፣ አጫጭር ፍሬ፤ የዶሮ መኖ ነው ብለው ቢሰጡህ ሳትጠራጠር ትበትነዋለህ። እሱ ይህንንም በመዳፉ ያሸዋል፤ ልማዱ አለቀቀውም።

የሚወደው ፔል ኤል የሚባለውን፣ ቀላ ያለ ወርቃማ፣ ሆፕ የማይቆጠብበት ቢራ ነው። ይህ ዓይነት ቢራ በአሜሪካ ስም ያወጣው ብዙ ዘመን አልሆነውም። ካስኬድ ራሱ የእንግሊዝና የሩሲያ ሆፕ ደም ያለበት፣ በኦሪገን ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበሬ የተለቀቀ ዝርያ ነው። ኬን ግሮስማን የሚባል ካሊፎርኒያዊ፣ ቺኮ በምትባል ከተማ የቤት ጠማቂዎች ዕቃ ሲሸጥ የነበረ ባለሱቅ፣ ከወተት ፋብሪካ ተርፈው የተጣሉ ዕቃዎችን ሰብስቦ ቢራ ፋብሪካ አቆመና በ1980 ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤልን በዚሁ ካስኬድ ጠመቀ። ዛሬ በየጋራዡ የሚንተከተከው ድስት ሁሉ፣ ባለቤቱ ቢያምንም ባያምንም፣ የዚያን ሰው ቢራ እየኮረጀ ነው።

ወደ ድስቱ ልመለስ። ከገብስ የሚነሳ ጠማቂ ቀኑን ሙሉ ይለፋል፤ ብቅሉን መፍጨት፣ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ሙቀቱን እየለኩ መጠበቅ፣ ማጥለል፣ ገለባውን ማውጣት። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ዘሎታል። እሱ የሚጠቀመው የብቅል ዱቄት ነው፤ ግን እኛ የምናውቀው፣ ገብሱ በቅሎ ደርቆ የሚፈጨው አይደለም። ፋብሪካው ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ስታርቹ ወደ ስኳር ሲለወጥ ጭማቂውን አጥልሎ፣ ውሃውን አትንኖ የሚያደርቀው ነው። ሳያደርቁት በፊት ካቆሙት ማር መሳይ ወፍራም ሽሮፕ ሆኖ ይሸጣል። ለ19 ሊትር ቢራ 2.7 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይበቃል። ውሃው ሲሞቅ ድስቱን ከእሳት ያወርዳል፣ ያለዚያ ከታች ይይዛል፤ ከዚያ ፌስታሉን ቀዶ ይገለብጠዋል። እዚህ ላይ አንዲት ጥበብ አለች፤ የፌስታሉ አፍ እንፋሎቱን ከነካ ዱቄቱ እዚያው ድንጋይ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰውየው ክንዱን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ፣ አንድ እግሩን ትንሽ አንሥቶ ያፈሳል። እግሩ ለምን እንደሚነሣ ጠይቄው አላውቅም።

በቤት ጠማቂዎች ዘንድ ይህን ዱቄት የሚንቁ አሉ። ከገብሱ ያልተነሳ ጠመቀ አይባልም ይላሉ፤ አንድ ሁለቱን አግኝቻቸዋለሁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የሰው ገመና የሚያወሩ ይመስል። እኔ ግን አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ላይ ስንቷ ጠላ ሻጭ ናት ገብሷን ራሷ ነክራ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ጎንቁሎ እስኪያቆጠቁጥ የምትጠብቀው? ከገበያ የተዘጋጀ ብቅል ሰፍራ ትገባለች፤ ጠላዋን ግን የሷ አይደለም የሚላት የለም። ቢራ ፋብሪካዎቻችንስ ከአሰላ ብቅል ፋብሪካ እየገዙ አይደለም? ብቅል የገዛ እንቅልፍ ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሙያ የራሱ ነው።

ደግሞ ያ ማር መሳይ የብቅል ሽሮፕ የዋዛ ታሪክ ያለው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ስትከለክል ትልልቆቹ ቢራ ጠማቂዎች፣ እነ አንሃይዘር ቡሽና ፓብስት፣ የብቅል ሽሮፕ በቆርቆሮ እያሸጉ ይሸጡ ነበር። ለዳቦ መጋገሪያ ነው ይባላል። ሆፕ የገባበትም ይሸጥ ነበር፤ ምን ዓይነት ዳቦ እንደሚጋገርበት ገዢውም ሻጩም ያውቁታል። ክልከላው ሲነሣ በቤት ወይን መሥራት ተፈቀደ፤ የቤት ቢራ ግን ሳይነሣ ቀረና ጂሚ ካርተር በጥቅምት 1978 ሕጉን እስኪፈርሙ ድረስ ቆየ። ሕጉ ለአንድ ጎልማሳ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎልማሶች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን ይፈቅዳል፤ ይኸውም ከ750 ሊትር በላይ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሦስተኛው ጎልማሳ ነው። አማቱን ያስጠጋ ቤት ያው 200 ጋሎን ነው፤ ሴትዮዋ በሕግ ፊት አንድ ጠርሙስ እንኳ አልመጣላቸውም። አላባማና ሚሲሲፒ ደግሞ የቤት ቢራን የፈቀዱት በ2013 ነው።

ዱቄቱ ከሟሟ በኋላ መፍላቱ የሚያስፈልገው ለሆፑ ሲባል ነው፤ ለዚህም ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የሆፕ ምሬት በቀዝቃዛ ውሃ በቀላሉ አይወጣም፤ መፍላት አለበት። መዓዛው ግን የምሬቱ ተቃራኒ ነው፤ ሲፈላ በንኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሆፑ በየተራ ነው የሚገባው፤ መጀመሪያ 45 ግራም ለምሬት፣ አምስት ደቂቃ ሲቀር 30 ግራም፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ 60 ግራም፣ ጥንስሱ ጋብ ሲል ደግሞ ሌላ 60 ግራም በደረቁ ሦስት ቀን ይነከርበታል። ጎረቤቴ እነዚህን በአራት የቡና ሲኒ መዝኖ በረድፍ ይደረድራቸዋል፤ ሲኒዎቹን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሰዓት ቆጣሪው እስኪጮህ ድረስ ቆሞ ያያቸዋል። አንዱን ወዲህ ሳብ፣ አንዱን ወዲያ ገፋ ያደርጋል። ሥራ የለውም፤ ግን ከድስቱ አጠገብ ዞር ማለት አይችልም።

አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ለጥየቃ መጥተው የሰነበቱ ጊዜ ይህን አዩ። ሽታው ነው ያመጣቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው በጋራዡ በር ቆሙና ድስቱን፣ ሚዛኑን፣ ሙቀት መለኪያውን፣ ሰውየው የሚጽፍበትን ደብተር በየተራ ተመለከቱ።

«ሚስቱ የት ሄዳ ነው?» አሉኝ።

«ቤት ናት እትዬ። ይህ የሱ ሥራ ነው።»

«ውይ፣ ታማ ነው?»

ደኅና መሆኗን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ወንድ ወደ ጋን የሚጠጋው ዋንጫ ይዞ ነው። ሰውየው ባልዲውን፣ ማንኪያውን፣ ቱቦውን፣ የራሱንም እጅ በማጽጃ ውሃ ሲያጥብ ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ። አንዴ አጥቦ ድጋሚ ነከረው፤ መሬት የነካችውን መክደኛ ሦስተኛ ነከራት። «ይሄስ ሙያ ያውቃል» አሉ። ጋን በግራዋ ቅጠል ፈትገው፣ በወይራ አጥነው፣ አፉን ደፍተው ያደጉ ሴት ናቸው፤ የጠላ ነገር የሚበላሸው በዕቃ መሆኑን ማንም አይነግራቸውም። መፍላቱን ግን አልወደዱለትም። ጌሾ ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠነሰሳል፣ ቀን ቆጥሮ ምሬቱን ራሱ ይሰጣል፤ ምን አስቸኮለው ነው ጥያቄያቸው። እርሾው ከፖስታ ወጥቶ ሲበተን ደግሞ፣ 11.5 ግራም ናት፣ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። የሳቸው ጠላ እርሾ ተገዝቶለት አያውቅም፤ ይመጣል፣ ከጋኑም ከእንስራውም ከዱቄቱም።

ከዚህ በኋላ ችኮላው ያልቃል። የድስቱ ፈሳሽ በመዳብ ጥቅልል ውስጥ በሚሮጥ ቀዝቃዛ ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ወርዶ፣ ባልዲ ውስጥ ገብቶ፣ እርሾው ከተበተነበት፣ ጠማቂው ሥራ ፈት ነው። በባልዲው ክዳን ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ትተከላለች፤ ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። በማግስቱ «ብልቅ» ትላለች። ከዚያ ዝም። ከዚያ «ብልቅ»። ጎረቤቴ አጠገቧ በርጩማ አለው። ለዕቃ ፍለጋ ነው የምገባው ይላል፤ መፍቻ ፍለጋ ገብቶ ያለ መፍቻ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን በእጅ ሰዓቱ ይለካል። ይህ ከተንሳፋፊው መለኪያ የበለጠ ምንም አይነግረውም፤ ከ1.050 ከፍ ብሎ የጀመረው የፈሳሹ እፍጋት ወደ 1.012 ወርዶ ሁለት ቀን ካልተንቀሳቀሰ እርሾው ጨርሷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ደብተሩ ላይ አለ። እሱ ግን ድምፁን ይፈልጋል። እሳት ይታዘዛል፤ እርሾ ግን ይለመናል።

አሥር ቀን ያህል እንዲህ ይሄዳል። ከዚያ 115 ግራም ስኳር ተጨምሮበት ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ቡናማ የሆነው ፀሐይ ሆፑን ነክታ ቢራውን እንዳታገማው ነው። ጋዝ እስኪይዝ ሌላ ሁለት ሳምንት። እንግዲህ ፈጣን የተባለው ቢራ ይህ ነው። አክስቴ የሚቆዩት ሦስት ወር ስለነበር ደረሱበት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ጥራቱን አዩ፤ ጉሽ እንዳልሆነ አረጋገጡ፤ ፉት አሉ፤ አፋቸውን ጠረጉ።

«ጌሾው በዝቷል» አሉ።

ነገርኩት። ሰውየው ደስታው ወሰን አጣ። በዚህ ቢራ ወዳጆች ዘንድ ሆፑ በዛ መባል ምስጋና ነው፤ ጠርሙሱን አንሥቶ ደገማቸው። እሳቸውም አልተከላከሉም። ይህ ቢራ ሲቆይ መዓዛው ስለሚጠፋ ቶሎ መጠጣት አለበት ስላቸው፣ «ታዲያ ቀድቶ አይጨርሰውም?» ብለው ብርጭቆውን ገፋ አደረጉለት። በሁለተኛው ላይ እያሉ ነው ያ ጥያቄ የመጣባቸው።

«አተላውስ?»

እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ጠላ የተጠመቀበት ቤት አተላው ለከብት ነው፤ ላም ያለው ጎረቤት ማሰሮ ይዞ ይመጣል። በዚህ በተገዛ ዱቄት ገለባ የለም፤ የሚቀረው ከባልዲው ሥር የተኛ አረንጓዴ ዝቃጭ፣ ሆፕና እርሾ ነው። ጎረቤቴ ይህን በጥንቃቄ በፌስታል አስሮ ይጥለዋል፤ ሆፕ ለውሻ መርዝ ነውና፣ ውሻው ከቀመሰ ትኩሳቱ እስከ መግደል ይደርሳል። ይህን ተርጉሜ ስጨርስ አክስቴ በር ላይ የተጋደመውን ውሻ ተመለከቱ፤ ቀጥለው ከጋራዡ ማዶ ያለውን የተስተካከለ ሣር፤ በየሳምንቱ እየታጨደ በትልልቅ የወረቀት ከረጢት ተሞልቶ ለቆሻሻ መኪና የሚወጣውን።

«ይህን ሁሉ ሣር ይዞ ላም አይገዛም?»

ይህንንም ነገርኩት። ሰውየው አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ መሐንዲስ ነውና፣ ግቢውን በዓይኑ ለካ፤ ከዚያ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ዶሮ እንኳ እንደማይፈቅድ፣ ባለፈው ዓመት በአጥር ቀለም ብቻ ደብዳቤ እንደጻፉለት በዝርዝር ያስረዳቸው ጀመር።