የአጎቴ የሻይ ቆርቆሮ

አንባቢ ሆይ፥ እኔ የተወለድሁት ከአምቦ በስተ ምዕራብ፥ በጉደር ነው። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል እንደ ነበር ምናልባት ከአባትህ ሰምተህ ይሆናል። ስሙ በመንግሥት ወረቀት ላይ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ኋላ ግን ሄደና አምቦ ያው አምቦ ሆና ቀረች። ስለ ፖለቲካ ፓርቲ ልጽፍልህ ተነሥቼ በከተማ ስም መዠመሬ ያለ ነገር አይደለም።

አጎቴ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ባላገር ነበሩ። ወረቀት የሚባል ነገር አይጥሉም። አንድ አሮጌ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነበራቸው፤ በውስጡም የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኝ፥ የገበሬ ማኅበር ካርድ፥ የኢሠፓ ደብተርና የኦሕዴድ መታወቂያ ተደራርበው ይገኙ ነበር። ልጅ ሳለሁ፥ «አባባ፥ ከነዚህ የሚወዱት የትኛውን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና፥ «ልጄ፥ ማዳበሪያ ልወስድ ስሄድ የትኛውን እንደ ያዝሁ ይጠይቁኛል እንጂ፥ የትኛውን እንደምወድ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ይመረጡ ነበር፤ ነገር ግን ተመራጩ የሚቀርበው ሀብቱንና ስሙን ይዞ ለብቻው ነው። በአገራችን የነበረው ክርክር ግን ከዚያ በፊትም፥ ከዚያም በኋላ አልጠፋም፤ ይኸውም የመሬትና የቋንቋ ነገር ነው። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1950ዎቹ ሲቋቋም፥ ከዚያም በመንግሥት ሲታገድ፥ የእኛ የሜጫ ሰው ጉዳዩን እንደ ሩቅ ወሬ አልሰማውም። አዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙ አትርቅም፤ በጠዋት አውቶቡስ የተነሣ ወሬ ለምሳ ይደርሳል። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤትም ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ሲያፈራ ኖሯል። ተማሪ ካለበትና ዋና ከተማ ከቀረበበት አገር ጸጥታ መጠበቅ፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ የዋህነት ነው።

እንግዲህ ወደ 1997 ዓ.ም. ምርጫ ልውሰድህ። እኔ ያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ነበርሁ። የአካባቢያችን ተወላጅ ዶክተር መረራ ጉዲና የሚመሩት የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ በኅብረት ስም ተወዳደረ፤ ምዕራብ ሸዋም ዋና ጉልበቱ ሆነች። ኅብረት በጠቅላላው 52 ወንበር አገኘ። እኔም ለዚያው መረጥሁ፤ አጎቴም፥ የኦሕዴድ መታወቂያቸውን በደረት ኪሳቸው እንደ ያዙ፥ ለዚያው መረጡ።

የእኒህ ሰው መንገድ ለነገራችን መልካም ምስክር ነው። በወጣትነታቸው የመኢሶን ሰው ነበሩ፤ በደርግ ዘመንም ብዙ ዓመት ታሰሩ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የኮንግረሱ ስም ከውስጡ ለተከፈለ ሌላ ወገን ተሰጠና እርሳቸው የኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ የሚባል አቆሙ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ሆነ። ስሙ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ መራጩ ያው የጉደርና የግንጪ ሰው ነው። በአሜሪካ ደቡብ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ የዴሞክራትና የሪፐብሊካን ስም ሳይለወጥ፥ መቶ ዓመት ያህል ዴሞክራትን ሲመርጥ የኖረው ነጭ ሕዝብ በጊዜ ብዛት ወደ ሪፐብሊካን ዞረ።

አሁን ስለ ራሴ የማፍርበትን ልንገርህ። በ2000 ዓ.ም. የደረጃ ዕድገት ሲወጣ አለቃዬ ወደ ቢሮው ጠራኝና አንድ ቅጽ ሰጠኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔም ሞላሁ። ለአጎቴ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ መታወቂያውን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፥ «ከእኔው ጋር አንድ ነው» ብለው መለሱልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ይህን ቁጥር ብቻ ያነበበ ሰው የአምቦ ልብ በአምስት ዓመት ተገለበጠ ይላል። አንተ ግን ወጣት ሆይ፥ ነገ በመሥሪያ ቤትህ ሠንጠረዥ ስትሞላ፥ ከቁጥሩ ውስጥ እንደ እኔ ያለውን ጸሐፊ ፈልገው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው የአምቦ ተማሪዎች ወጡ፤ ልጆች ሞቱ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከግንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ፕላኑም በጥር ወር ተሰረዘ። በነዚያ ቀኖች አንድ የጎረቤቴ ልጅ መንገድ ላይ አቁሞ፥ «ጋሼ፥ አንተ የማን ነህ?» አለኝ። የመታወቂያው ጠርዝ በኪሴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። «የሰፈሩ» ብዬው አለፍሁ።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አምቦ ሲመጡ ስታዲየሙ ሞላ። እኔም ከሕዝቡ ጋር አጨበጨብሁ፤ መታወቂያዬና ጭብጨባዬ አንድ የሆኑበት ቀን እርሱ ብቻ ነው። ከዚያ ኦሕዴድ ኦዴፓ ተባለ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ብልጽግና ሆነ። እኔ ሌሊት ተኝቼ ጠዋት የአዲስ ፓርቲ አባል ሆኜ ተነሣሁ። በዚያው ዓመት ሰኔ የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ወደ ትውልድ ከተማው በሬሳ ሣጥን ተመለሰ፤ የስታዲየሙ ደስታም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ኦፌኮ መሪዎቹ መታሰራቸውንና ቢሮዎቹ መዘጋታቸውን አመልክቶ አልተወዳደረም።

ቆርቆሮው ዛሬ ከእኔ ዘንድ ነው። የኦሕዴድ መታወቂያዬን ከአጎቴ ወረቀቶች ጋር አኑሬዋለሁ። አዲሱ ግን ገና ኪሴ ውስጥ ነው፤ በስብሰባ በር ላይ ይጠየቃልና።