የዴሙ ግማሽ ግቢ

ጦርነቱ የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ቅዳም ሹር ዕለት ነው። የፋሲካ ዶሮዬን ምድጃ ላይ ጥጄ ነበር። እሳቱን አጥፍቼ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ፣ በገዳሪፍ አድርገን መተማ ገባን። ሠራዊቱ ካርቱምን ሙሉ በሙሉ ያዝኩ ያለው በመጋቢት 2017 ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ተመለስኩ።

ቤቴ ዴም ነው። የዴምን ሰፈር የማያውቅ የካርቱም ሐበሻ አለ ብዬ አላምንም። የድሮዎቹ ዴሞች ፈርሰው ሕዝቡ ወደ አሁኑ የተዛወረው በእንግሊዝ ዘመን፣ በ1949 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ቦታዎቹ ያኔም ጠባብ ነበሩ። እኔና ሟቹ ባለቤቴ ደግሞ ያንን ጠባብ ለሁለት ከፈልነው። ሐቦባ እያልን ከምንጠራት ሱዳናዊት እናት የግቢዋን ግማሽ ገዛን፣ መሐል ግንብ አቆምን፣ በራሳችን በኩል በር አወጣን። ውሉ ጠበቃ ዘንድ ተጽፏል፣ ሁለት ምስክር አለው። ሸሃደት በሕሱ ግን በእሷ ስም ቀረ። ርካሽ ስለነበር ዝም አልን፤ የንግድ ዲፕሎማ ይዤ እንዲህ አደረግኩ ስል ያፍረኛል።

ስመለስ ዚንጎው የለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከግድግዳው ውስጥ ሳይቀር ተስቦ ወጥቷል፣ የመንገዱ በኩል ፈርሷል። የጡብና የሲሚንቶ ዋጋ ጠይቄ ግንበኛ ልቀጥር ስል፣ አንድ የማውቀው መሐንዲስ አስቆመኝ። «የቆመውን ማንም አይጠይቅሽም። ከመሠረት ከጀመርሽ ግን አዲስ ቤት ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቀው መዝገቡ ላይ ባለው ስም፣ ለሙሉው ቦታ ነው። ግማሹ ለብቻው ተከፍሎ ለመመዝገብ ይጠባል» አለኝ።

በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖራችሁበትም መዝገብ ከሌለ ክርክሩ ከባድ ነው። የ1970 እ.ኤ.አ. ሕግ ያልተመዘገበን መሬት የመንግሥት አድርጎታል። ከጦርነቱ በኋላም በከተማው ዙሪያ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሰፈሮች ሲፈርሱ አይተናል። የኛ ዴም የተመዘገበ ነው፤ ችግሩ የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም መሆኑ ላይ ነው።

ሐቦባ በስደት ሳለች አርፋለች። ወራሾቿ አምስት ናቸው፣ ሦስቱ ካይሮ። ትልቁ ልጇ በስልክ «ያ ኡኽቲ፣ እናታችን የሸጠችውን አንክድም» አለኝ፣ ድምፁ ውስጥ እንባ ነበረበት። ታናሽየው ግን የዛሬውን ዋጋ ልዩነት ጠየቀኝ። አልፈረድኩበትም፣ እሱም ቤቱ ተዘርፏል።

ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን የወጣ ገንዘብ ተመልሶ እንደማይመጣ፣ አዲስ ገንዘብ ስናወጣ እሱን መቁጠር እንደሌለብን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ስለዚህ ከመሠረት አልጀመርኩም። ቆሞ የቀረውን አንድ ክፍል ብቻ አለበስኩ፣ ነቅዬ ልወስደው የምችለውን ዚንጎ አደረግኩበት። የጡቡን ገንዘብ ቡና ገዛሁበት፣ ከመተማ እየመጣ ነው።

ትልቁ ልጅ የወንድምና እህቶቹን ተውኪል ይዞ ከፖርት ሱዳን በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። አራቱ ፈርመዋል።