ሐረር፦ ሆድ ያወጣ ግድግዳ

ሐረር ልትሄዱ ነው ሲባል ሰው ሁሉ የሚያወራላችሁ ማታ ማታ ሥጋ ስለሚጎርሰው ጅብ ነው። ጅቡንም እዩት። ነገር ግን ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ በሸዋ በር በኩል ወደ ጀጎል ግቡና የቤቶቹን ግድግዳ ተመልከቱ። ባለቤቴ ለጉባኤ ተጋብዞ አብሬው በሄድኩበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሥራ ስላልነበረኝ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ጀጎል በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የተገነባው የከተማው ቅጥር ሲሆን፣ ውስጡ 48 ሄክታር ያህል ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቅርስ ሲባል ታዲያ ሙዚየም እንዳይመስላችሁ። ሕፃን ያለቅስበታል፣ ቡና ይቆላበታል፣ ክረምት ሲመጣም ግድግዳው ይርሳል።

ነባሩ የሐረሪዎች ቤት ከውጭ ሲታይ ኖራ የተቀባ ደፍን ግድግዳ ነው። ከውስጥ ግን ሳሎኑ ነደባ በሚባሉ አምስት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች የተከፈለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ እንኳ ሳይቀር ከግድግዳው ውስጥ የወጣ ነው። ቤት ከቤት ተደግፎ ስለተሠራም የአንዱ ግድግዳ ሲታመም ጎረቤቱ እንቅልፍ አይወስደውም።

በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እንዲህ ያለ የታመመ ግድግዳ ሲጠገን ደረስኩ። ግንበኞች «ሆድ አወጣ» ይሉታል። የድንጋይ ግድግዳ እንደምናስበው አንድ ወጥ አይደለም። የውጭ ገጽና የውስጥ ገጽ አለው፤ መካከሉ በጭቃና በጥቃቅን ድንጋይ ይሞላል። ሁለቱን ገጾች የሚያስተሳስሩት ከዳር እስከ ዳር የሚያልፉ ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው፤ በሐረር ደግሞ አግድም የሚገቡ እንጨቶች አሉ። ውሃ መካከሉን ካራሰው ሙሌቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ገጾቹ ይለያያሉ፣ ግድግዳውም ወደ መንገዱ ይነፋል። በቁርጥ የሚከፈለው ግንበኛ ቶሎ ለመጨረስ ሲል አሳሪ ድንጋዮቹን እንደሚቀንስ፣ ማንም ከውጭ አይቶ እንደማያውቅበትም የሰማሁት እዚያው ነው። እኔ ቤት ባሠራ የግንቡን ሥራ በቀን ሂሳብ አስይዘው ነበር።

ሽማግሌው ግንበኛ አስቀድመው የጣሪያውን እንጨቶች በምሰሶ አስደገፉ። ከዚያ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች አፈረሱት፤ ትልቁን ድንጋይ ለብቻ፣ የማዕዘኑን ለብቻ፣ ጠጠሩን ለብቻ አስቀመጡ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ሲቦካ ሰንብቷል። ሲገነቡ ከማዕዘን ይጀምራሉ፣ ሲባጎ ይወጥራሉ፣ በቱንቢ ይለካሉ፤ ድንጋዩን ግን ገና ሳያነሡት በዓይናቸው ይመርጡታል። አንዴ ያነሡትን መልሰው ሲጥሉ አላየሁም። በአንድ ቀን እስከ ጉልበት ያህል ብቻ ገንብተው ተዉት፤ እርጥብ ጭቃ ብዙ ሸክም ከተጫነው ይሸሻል።

ቤቱ የአንዲት እናት ነው። ልጃቸው ከውጭ ገንዘብ ልኮላቸዋል፤ ሐሳቡም ግድግዳው በሲሚንቶ ተገንብቶ በሲሚንቶ እንዲለሰን ነበር። እኔም እንደ ልጁ አስቤ፣ «አባቴ፣ ለምን በሲሚንቶ አይገላገሉትም?» አልኳቸው።

«እህቴ፣ ሲሚንቶ ከዚህ ድንጋይ ይጠነክራል» አሉኝ። «ግድግዳ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ደካማው ነው። ጭቃው ቢሰነጠቅ ጭቃ እጨምራለሁ፤ ድንጋዩ ቢሰነጠቅ ከየት አመጣለሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀሺ የሚባለው የአካባቢው ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት፣ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ነው። ውሃ ይገባዋል፣ ፀሐይ ሲወጣም ይተነፍሰዋል፤ ጭቃውና ኖራውም አብረውት ይተነፍሳሉ። በላዩ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ልስኑ ለጊዜው አምሮ ይታያል፤ ከበስተጀርባው ግን ጭቃው ይላቁጣል፣ ድንጋዩም ይፈረፈራል። ሲሚንቶ ራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለብሎኬትና ለአርማታ ተገቢ ነው፣ ከጭቃ ግንብ ጋር ግን አይስማማም። ቆርቆሮውም የራሱ ጣጣ አለው። ድሮ ጣሪያው አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ አሸንዳ ከሌለው ውሃውን ሁሉ የግድግዳው እግር ላይ ያወርደዋል።

እናትየው ለልጃቸው ስልክ ሲደውሉ ሰማሁ። ለሲሚንቶ የታሰበው ገንዘብ ለአሸንዳና ለኖራ ይሁን አሉት። ልጁ ወዲያው እሺ አላለም፤ ጎረቤት ሁሉ በሲሚንቶ እያስለሰነ የእናቱ ቤት ብቻ ጭቃ ሲሆን ሰው ምን ይላል ብሎ ተከራከረ። እርሳቸውም፣ «የሚያድርበት እኔ ነኝ» ብለው ስልኩን ለግንበኛው አቀበሉ። ሽማግሌው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሉና ለልጁ ስለ ድንጋዩ ከመጀመሪያው ያስረዱት ጀመር።

እኛ በማግስቱ ስንወጣ ግድግዳው ወገብ ደርሶ ነበር። አሸንዳው ገና አልተገዛም፤ ሰማዩም መዳመን ጀምሯል።