ከፋዩና በረኛው

አዲስ አበባ ላይ የግል ትምህርት ቤት ማለት በየወሩ የሚከፈልበት፣ የመንግሥት ማለት ደግሞ በነጻ የሚማሩበት ነው፤ ክርክሩም ከዚያ ወዲያ ብዙ አይሄድም። ኢየሩሳሌም ላይ ይህ መለኪያ አይሠራም። ከኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ገዳም የድንጋይ አጥር ወጣ ሲሉ የነቢያት ጎዳና ላይ፣ የእንግሊዝ ሚሲዮን በ1897 ሆስፒታል በከፈተበት ግቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአንግሊካን ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት አለ፤ ወላጅ ከኪሱ ይከፍልበታል። በስተሰሜን ሜአ ሸዓሪም ውስጥ ደግሞ የእስራኤልን መንግሥት ገንዘብ በእጃችን አንነካም የሚሉ የሐረዲ (የአጥባቂ አይሁዳውያን) ትምህርት ቤቶች አሉ። እነዚህ ሁለቱ በእርግጥ የግል ናቸው። የሚያወዛግቡት ግን በመካከል ያሉት፣ ሕጉ «እውቅና ያላቸው፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ» የሚላቸው ናቸው፦ ከበጀታቸው ብዙውን ከግብር ከፋዩ ይወስዳሉ፤ ተማሪውን ግን ራሳቸው ይመርጣሉ። ስለዚህ ማን ይከፍላል ከማለት ይልቅ ማን ያስገባል፣ ማን ይመልሳል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ፔታሕ ቲክቫ በተባለችው የእስራኤል ከተማ የሆነውን እንይ። በ2009 የትምህርት ዘመን መክፈቻ እንዲህ ያሉ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ልጆችን አንመዘግብም አሉ፤ ሰበባቸው የልጆቹ ሃይማኖታዊ ዝግጅት አይመጥነንም የሚል ነበር። ወደ ድርድር የመጡት ትምህርት ሚኒስቴር በጀት እቆርጣለሁ ብሎ ከዛተ በኋላ ነው። እዚያው ከተማ ኔር ዔጽዮን የተባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በአንጻሩ ከኢትዮጵያውያን ልጆች በቀር ሌላ ተማሪ የማይታይበት ሆነ፤ በ2011ም እንዲዘጋ ተወሰነ። አንዱ እየመረጠ፣ ሌላው የተመለሰውን እየሰበሰበ፣ ውጤታቸው ጎን ለጎን ሲቀመጥ «የግሉ ይሻላል» ይባላል። የፒሳ ዓለም አቀፍ ፈተና መረጃ ግን የቤተሰብ ኑሮ ከግምት ሲገባ የግሎቹ ብልጫ በአብዛኛው እንደሚጠፋ አሳይቷል።

አማኝ ወላጅ ልጁን በሃይማኖቱ የማሳደግ መብት የለውም ወይ? አለው። የ1953ቱ የመንግሥት ትምህርት ሕግ ሃይማኖታዊ ዘርፍ ያካተተው ይህንኑ አስቦ ነው። መብቱ ግን ከአባት ግብር እየወሰዱ ልጁን ከደጅ መመለስን አይጨምርም። የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የመንግሥቱስ በር መቼ ተከፈተ የሚለው። እውነት ነው፤ የሰፈር የምዝገባ ክልል ራሱ የቤት ኪራይ የሚችለውን ከማይችለው ይለያል። ምሥራቅ ኢየሩሳሌም ውስጥማ የመንግሥት መማሪያ ክፍል አጥሮ ብዙ ፍልስጤማውያን ወላጆች ሳይወዱ በግድ ወደሚከፈልበት ሄደዋል። ሆኖም ይህ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2011 በአምስት ዓመት ውስጥ ክፍል ይዘጋጅ፣ አለዚያ መንግሥት ክፍያውን ይሸፍን ተብሎ ተፈረደ። መንግሥት በር ሲዘጋ የሚከሰስበት ሕግ አለ። ራሱ የሚመርጠው ትምህርት ቤትም በዚያው ሕግ ሥር ይግባ፦ የሕዝብ ገንዘብ የሚወስድ ከሆነ ምዝገባውን ለማዘጋጃ ቤት ያስረክብ፤ የማይወስድ ከሆነ ግን እንደ ሜአ ሸዓሪሞቹ የሚፈልገውን ያስገባ።