መኪና የማይደርስበት ፒስታ

ልጅ አስከትላችሁ ብስክሌት ስትነዱ ዓይናችሁ የት ነው ያለው? የኔ ልጄ ላይ አልነበረም፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ላይ ነበር። የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። ልጄ የ9 ዓመት ልጅ ሳለች ቤታችን አጠገብ መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ መኪና ነካ አድርጎ ጣላትና ክንዷ ተሰበረ። ክንዷ በ2 ወር ዳነ። ብስክሌቷ ግን ጋራዥ ውስጥ ተሰቅላ 3 ዓመት ቆየች። ለሰው «ልጅቷ ፈርታለች» እያልኩ ነበር የማወራው። እውነቱን ልንገራችሁና የፈራሁት እኔ ነኝ። እሷማ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር «አባዬ፣ አሁን እናውርዳት?» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አወረድናት። ስትቀመጥባት ጉልበቷ መሪውን ነካ። ያን ጊዜ ነው 3 ዓመት ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ።

መንገዱን የጠቆመኝ አንድ የምግብ ቤቴ ደንበኛ ነው። ሶፍት ላይ ካርታ ሳለልኝ። ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ማሪን ሄድላንድስ ይባላሉ። ድልድዩን ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ! እንግዳ ከአገር ቤት ሲመጣ መቼም እዚያ ወስደን ፎቶ ሳናነሳው አንለቀውም። ከኮረብታው ጀርባ ያን ያህል መንገድ መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

መንገዱ እኛ ፒስታ የምንለው ነው፤ አስፋልት ያልነካው አፈርና ጠጠር፣ አንዳንድ ቦታም ኮረኮንች። እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ መኪና እንዲያልፍበት ሰፋ ተደርጎ ተጠርጓል። በሌላው ጊዜ በብረት በር ተዘግቶ እግረኛ፣ ፈረስና ብስክሌት ብቻ ነው የሚያልፈው። እኔ ብስክሌት የለመድኩት ባሕር ዳር ነው፣ በሰዓት እየተከራየን። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ እዚህ ግን መንገዱ ከውቅያኖሱ ዳር ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ መልሶ ሽቅብ ነው። ደንበኞቼ «ዳገት ለመውጣት ነው እንዴ አሜሪካ የመጣኸው?» እያሉ ይስቁብኛል።

መጀመሪያ የምትሄዱ ከሆነ ከቴነሲ ቫሊ ጀምሩ። ከመኪና ስትወርዱ የሚቀበላችሁ የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። እንጦጦ የወጣ ሰው አፍንጫው ወዲያው ያውቀዋል። ዛፉ እዚህም እንደኛው አገር ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። ከዚያ እስከ ባሕሩ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱም ቀላል ነው፣ ትናንሽ ልጆችም ይችሉታል። ሸለቆው ስሙን ያገኘው ቴነሲ ከምትባል መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ወርቅ ፍለጋ የሚመጡ ሰዎችን ጭና በጉም መንገድ ስታ እዚህ ዳርቻ ላይ ተላተመች፤ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ተርፈዋል። ለልጆቻችሁ ይህን ነግራችሁ ባሕሩን አሳዩዋቸው፤ እግራቸውን ግን አያስገቡ። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፣ ነፍስ አድን ሠራተኛም የለም።

ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አዙራችሁ ስትቆሙ በግራ በኩል የሚወጣው ፒስታ ደግሞ ማሪንቼሎ ይባላል። ለገጠር መንገድ ሲበዛ ሰፊ ነው። ለምን መሰላችሁ? መጀመሪያ የተጠረገው ለመኪና ነው! እ.ኤ.አ. በ1964 ቶማስ ፍሩጅ የሚባል ባለሀብት ከገልፍ ኦይል ኩባንያ ጋር ሆኖ እነዚህ ኮረብታዎች ላይ ለ30 ሺህ ሰው የሚሆን ከተማ ሊሠራ ተነሳ። የከተማው ስም ማሪንቼሎ ነበር። ካውንቲው ፈቀደ፣ ዋናው መንገድ መጠረግ ጀመረ። የአካባቢው ሰዎችና ጥቂት ጠበቆች ግን እምቢ ብለው ተከራከሩ። በ1970 ፍርድ ቤት ፈቃዱ በሥርዓቱ አልተሰጠም ብሎ ሻረው። በ1972 ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የሚባለው ድርጅት መሬቱን ለመግዛት ተስማማ፤ በኋላም የሕዝብ ፓርክ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ዕቅድ የቀረው ይህ መንገድ ነው።

ልጄ ይህን ስነግራት ዳገቱ መሃል ቆማ ዙሪያውን አየችና «ታዲያ ቤቶቹ የት አሉ?» አለችኝ።

«አልተሠሩም።»

«ጎበዞች!» አለችና መግፋቷን ቀጠለች። አዎ፣ እየገፋን ነበር። ዳገቱን በመጀመሪያው ቀን 3 ጊዜ ወርደን ገፍተነዋል፤ እኔ ከሷ በላይ ነው ያለከለክሁት። ሃያ ዓመት ኩሽና ውስጥ የቆመ ጉልበት እንዲህ ነው። ላይ ስትደርሱ ግን ሳን ፍራንሲስኮና የባሕር ወሽመጡ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ።

ቁልቁለቱ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ልጄ ቀደም ብላ ለቀቀችው። «ቀስ!» ብዬ ጮህኩ። ኩርባውን ዞረች፣ ከዓይኔ ጠፋች። ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ቆምኩ። ጆሮዬ የለመደውን ይፈልግ ነበር፦ የሞተር ድምፅ፣ ክላክስ፣ የጎማ ሲጢጥታ። ምንም የለም። ንፋስ ብቻ። እኔ እዚያ ቆሜ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ እንጃ። ቀስ ብዬ ስወርድ መንገዱ ዳር ቆማ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። አጋዘን እያየች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ስለሆነ፣ ትምህርት ከሌለ ሰኞ ሰኞ እንሄዳለን። ትንሽ ስንበረታ ወደ ታማልፓይስ ተራራ ተሻገርን። ከፍታው 784 ሜትር ነው። ከሚል ቫሊ ከተማ የሚነሳው ኦልድ ሬይልሮድ ግሬድ የሚባለው መንገድ፣ ስሙ እንደሚነግራችሁ፣ የባቡር ሐዲድ የነበረበት ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1896 ሥራ ጀመረ፤ 281 ኩርባ ነበረው ይባላል። መኪና ሲበዛ ገበያው ቀዘቀዘ፣ በ1930 ሐዲዱ ተነቀለ። ለኛ የተረፈን ጥቅም አለ፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ረጅም ነው እንጂ አይጨክንም። መሃል ላይ ቤቶች ያሉበት አጭር የአስፋልት መንገድ ስላለ እዚያ ልጆቹን ከጎናችሁ አድርጉ። ላይ በ1904 የተሠራው ዌስት ፖይንት ኢን የሚባል ማረፊያ እስካሁን አለ።

ማውንቴን ባይክ የሚባለው ነገር የተወለደውም በዚሁ ተራራ አካባቢ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በ1970ዎቹ እነ ጌሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝና ቻርሊ ኬሊ ያረጁ ከባድ ብስክሌቶችን ጭነው ወጥተው ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። የነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ዓይነት ነው። ቁልቁለቱ ግራሶውን ያቃጥለውና ይጨስ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ነው። በ1976 የጀመሩትን ውድድር «ሪፓክ» ያሉት ለዚህ ነው፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው።

ውድ ብስክሌት አትግዙ። ለልጄ ያገለገለ ነው የገዛሁላት። ዋናው ጎማው ወፈር ያለ፣ ማርሹ ለዳገት የሚቀል፣ ፍሬኑ የሚይዝ መሆኑ ነው። ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን አትንፉት፤ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ሄልሜት ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ በካሊፎርኒያ በሕግ ግዴታ ነው፤ እናንተም አድርጉ፣ ልጅ የሚያየው እናንተን ነው። ብስክሌት የሚፈቀድበትን መንገድ ከምልክቱ አንብቡ። ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ስጡ፤ ፈረስ ከኋላ ሲመጡበት ስለሚደነግጥ ከሩቁ ድምፅ አሰሙ። መንገድ ዳር ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ቁጥቋጦ አትንኩ፣ ቆዳ ያሳክካል። በጁላይና በኦገስት ከተማው ሙቀት ሆኖ እዚያ ጉምና ብርድ ነው፤ ጃኬት ያዙ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይሻላሉ።

ስለ ስንቅ እንኳ እኔን ስሙኝ። በፋብሪካ የሚሸጠውን ጣፋጭ ተዉት። በሶ በማር በጥብጣችሁ በውሃ ጠርሙስ ያዙ፣ ቆሎ ኪስ ውስጥ፣ ሙዝ ደግሞ ለልጆቹ። ልጄ መጀመሪያ በሶውን አፍንጫዋን ይዛ ነበር የጠጣችው። አሁን የኔንም ትጨርሰዋለች።

የታማልፓይስን ጫፍ እስካሁን አልነካነውም። ባለፈው ሰኞ ዌስት ፖይንት ኢን ስንደርስ ጉሙ ወረደብንና ተመለስን። እሷ ቁልቁለቱን ፊት ፊቴ ወረደች፤ እኔ ደወሏን እየሰማሁ ተከተልኳት።