ታሽጎ የሚመጣ ጥራት፦ ከቡና ባህል የመጣ ሰው ማቻን እንዴት ይመርጣል፣ እንዴትስ ያዘጋጃል?

የኢትዮጵያ የቡና ሥርዓት ከብዙ የመጠጥ ባህሎች የሚለይበት አንዱ ዋና ነገር፣ ጥሬው ቡና ወደ መጠጥ የሚለወጥበት ሥራ ከሞላ ጎደል ሁሉ በጠጪው ዐይን ፊት መከናወኑ ነው። ቡናው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በመቁያው ላይ ቀለሙ እየታየ ይቆላል፣ ጢሱ ለእንግዳው ቀርቦ ይሸተታል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል፤ ስለዚህ ጣዕሙ ቢጓደል የት ላይ እንደተጓደለ ለማወቅ አያዳግትም። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች ከካፌው ዝርዝር አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት እየገባ ያለው ማቻ፣ ማለትም የጃፓን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት፣ የሚመጣው በተቃራኒው መንገድ ነው። የማቻን ጥራት የሚወስነው ሥራ በእርሻውና በወፍጮው ተጠናቆ፣ በትንሽ ቆርቆሮ ታሽጎ ይቀርባል፤ ለገዢው የሚቀሩት ሁለት ነገሮች፣ ሳይታለል መምረጥና የተደከመበትን ሳያበላሽ ማዘጋጀት ብቻ ናቸው።

ማቻ የሚገኝበት ተክል በኢሉባቦር ጉመሮና በከፋ ውሽውሽ ከሚለማው የኢትዮጵያ ሻይ ጋር በዝርያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ጥቁር ሻይ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ተሰባብሮ ከአየር ጋር እንዲዋሐድና እንዲጠቁር ከተተወ በኋላ የሚደርቅ ሲሆን፣ አረንጓዴ ሻይ ግን ቅጠሉ ገና ትኩስ ሳለ በሙቀት ስለሚመታ ይህ ለውጥ ሳይጀምር ይቆማል። የሻይ ቅጠልን ፈጭቶ በሙቅ ውሃ እየመቱ የመጠጣት ልማድ የተስፋፋው በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነበር፤ ኤይሳይ የተባለው ጃፓናዊ የቡድሃ መነኩሴም እ.ኤ.አ. በ1191 ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘርና ይህንኑ ልማድ ይዞ እንደገባ፣ በ1211ም ሻይ ለጤና ስላለው ጥቅም መጽሐፍ እንደጻፈ ይነገርለታል። በቻይና የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች በ1391 ተጠፍጥፎ በግብር የሚቀርበው ሻይ እንዲቀር ካዘዘ በኋላ ዱቄቱ ቦታውን ለቅጠሉ እየለቀቀ ሲሄድ፣ በጃፓን ግን በመነኮሳትና በመኳንንቱ ዘንድ ሥር ሰደደ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመንም ሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) ዛሬ የሚታወቀውን የሻይ ሥነ ሥርዓት መልክ አስያዘው።

የማቻ ጥራት ከሁሉ በፊት የጥላ ውጤት ነው። በኪዮቶ አቅራቢያ በምትገኘው ኡጂ፣ በአይቺ ክፍለ ግዛት በኒሺዮ፣ በፉኩኦካ በያሜ፣ እንዲሁም በደቡባዊው ካጎሺማ ያሉ ገበሬዎች፣ የፀደዩ ለቀማ ሊደርስ ከ20 እስከ 30 ቀናት ያህል ሲቀሩት ማሳውን በሸምበቆና በገለባ ወይም በጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይጋርዱታል። ቲያኒን የሚባለው፣ ለሻይ ለስላሳና ጥልቅ ጣዕም የሚሰጠው አሚኖ አሲድ፣ ቅጠሉ ፀሐይ ሲያገኝ ካቴኪን ወደሚባሉት መራራና አፍ የሚያኮማትሩ ንጥረ ነገሮች ስለሚለወጥ፣ መጋረጃው ይህን ለውጥ ያዘገየዋል፤ ቅጠሉም ያነሰውን ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለም አብዝቶ ይሠራል። በከፋ ደን ውስጥ ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ዝግ ብሎ እንደሚበስል ለሚያውቅ አንባቢ፣ ጥላ ጣዕምን ይሠራል የሚለው ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም፤ በከፋ ጥላውን የሚሰጠው ደኑ ሲሆን በኡጂ ግን ገበሬው ራሱ ዘርግቶ፣ ለቀማው ሲያልቅ መልሶ ያነሣዋል።

የተለቀመው ቅጠል ሳይውል ሳያድር ለጥቂት ሰከንዶች በእንፋሎት ይመታል፣ ሳይጠቀለል በምድጃ ይደርቃል፣ ከዚያም ዘንጉና የቅጠሉ ጅማት ተለይቶ ሥጋው ብቻ ይቀራል፤ በዚህ ደረጃ ያለው ደረቅ ቅጠል ቴንቻ ይባላል። ቴንቻ በግራናይት ወፍጮ ሲፈጭ አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው ከ30 እስከ 40 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ወፍጮው በፍጥነት ቢዞር የሚፈጠረው ሙቀት መዓዛውን ስለሚያጠፋው ነው። በሌላ አነጋገር፣ በአሜሪካ መደብር መደርደሪያ ላይ የሚታየውን ባለ 30 ግራም ቆርቆሮ ለመሙላት አንድ ወፍጮ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይሠራል። በሌላ መሣሪያ በብዛትና በፍጥነት የሚፈጭ ዱቄትም አለ፤ የዋጋው ልዩነት በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምርጫን በተመለከተ ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ብዙ ቆርቆሮ ላይ የሚነበበው «ሴሬሞኒያል ግሬድ» የሚለው ስያሜ፣ ማለትም ለሻይ ሥነ ሥርዓት የሚሆን ደረጃ፣ በጃፓን ሕግ የተወሰነ መለኪያ አለመሆኑን ነው። ማንኛውም ሻጭ በዕቃው ላይ ሊጽፈው ስለሚችል በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ከስያሜው ይልቅ የሚጠቅመው ዝርዝሩ ነው፦ ሻዩ የበቀለበት አካባቢ ተጠቅሶ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው የፀደይ ለቀማ መሆኑ ተገልጾ እንደሆነ፣ የተፈጨበት ወይም የሚያበቃበት ቀን ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑ፣ በይዘት ዝርዝሩም ላይ ከሻይ በቀር ስኳርም ሆነ የወተት ዱቄት አለመኖሩ። ቻይናም፣ በተለይ ጉይጆ የተባለው ክፍለ ግዛት፣ ዛሬ ብዙ ማቻ ያመርታል፤ የሀገሩ ስም ብቻ ጥሩ ወይም መጥፎ አያደርገውም፣ ነገር ግን ምንጩን የሚደብቅ ሻጭ ሌላውንም ሊደብቅ እንደሚችል መገመት ተገቢ ነው።

ቆርቆሮው ሲከፈት ፍርዱ ወደ ዐይንና ወደ አፍንጫ ይመለሳል፤ በዚህ ላይ የቡና ባህል ያሳደገው ሰው ልምድ አለው። ጥሩ ማቻ ደማቅና ሕይወት ያለው አረንጓዴ ነው፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ያደላ ዱቄት ከቆየ ወይም በኋለኛው ለቀማ ከተሰበሰበ ቅጠል የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሽታው ትኩስ ሣርና ጣፋጭነት ያለው እንጂ የደረቀ ድርቆሽ ዓይነት መሆን የለበትም። በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ እንደ ላመ ዱቄት ይለሰልሳል፤ አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ አፈጫጨቱ ሻካራ ነው። ለሁሉም ግን አንድ ዓይነት ዱቄት መግዛት አያስፈልግም፤ ከወተት ጋር ለሚጠጣ ወይም ለኬክ ለሚገባ መካከለኛው በቂ ሲሆን፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ለሚጠጣ ግን የተሻለውን መግዛት ይገባል፤ ውሃ ምንም ጉድለት አይሸፍንምና።

በአቀማመጥም ረገድ ከሀገር ቤት የመጣ አንድ ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም። ጥሬ ቡና በኪሎ ተገዝቶ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ የማቻ ዱቄት ግን አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት በፍጥነት ያደክሙታል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ መግዛት፣ ከተከፈተ በኋላም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጨረስ ይመረጣል። በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ከሆነ በደንብ መታሸግ አለበት፤ ከበርበሬና ከንጥር ቅቤ አጠገብ ከተቀመጠ ሽታቸውን ይወስዳልና። ቆርቆሮው ከቅዝቃዜ እንደወጣ ወዲያው ቢከፈት የአየሩ እርጥበት በዱቄቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ወደ አዘጋጃጀቱ ስንመጣ፣ ኡሱቻ የሚባለውን ቀጭኑን ማቻ ለመሥራት 2 ግራም ዱቄት፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ ስፍር ያህል፣ እና ከ60 እስከ 70 ሚሊሊትር ውሃ ይበቃል። ኮይቻ የሚባለው ወፍራሙ ደግሞ ዱቄቱ እጥፍ ሆኖ ውሃው ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ለእርሱም ምርጥ ዱቄት ብቻ ይመከራል። ሰፊ አፍ ያለው ጎድጓዳ ሳህን በሙቅ ውሃ ይሞቃል፣ ከቀርከሃ ተሰንጥቆ የሚሠራው ቻሴን የተባለው መምቻም ጫፉ እንዲለሰልስ በዚያው ውሃ ይነከራል፤ ከዚያ ውሃው ተደፍቶ ሳህኑ ይደርቃል። ዱቄቱ በቀጭን ወንፊት ይነፋል፤ ይህን እርምጃ መዝለል የብዙ ጀማሪዎች ማቻ የሚጓጉልበት ምክንያት ነው። ውሃው ከተጨመረ በኋላ መምቻው የሳህኑን ታች ሳይጫን፣ በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ፣ ወደፊትና ወደኋላ ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ ያህል በፍጥነት ይመታል፤ ደቃቅ አረፋ ላዩን ሲሸፍነው እንቅስቃሴው ዝግ ብሎ ትልልቆቹ አረፋዎች ይሰበራሉ። መምቻው ያለ ሳሙና በውሃ ብቻ ታጥቦ ይደርቃል። ቻሴን በሌለበት ቤት በባትሪ የምትሠራው ትንሿ የወተት መምቻ ትበቃለች።

የውሃው ሙቀት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቡናም ሆነ በቀረፋና በቅርንፉድ የሚጠጣው የሀገር ቤት ሻይ በፈላ ውሃ ላይ የተመሠረቱ ሲሆን፣ ማቻ ግን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ውሃ ይፈልጋል፤ የፈላ ውሃ ካቴኪኖቹንና ካፌይኑን አጉልቶ ምሬቱን ያበዛዋልና። መለኪያ ለሌለው ሰው የሚረዳው ዘዴ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ግልበጣ በግምት 10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በባሕር ወለል አቅራቢያ ባለችው ዋሽንግተን ውሃ በ100 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ግን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ አንድ ወይም ሁለት ግልበጣ ይበቃዋል። ማቻ ለዘመድ ስጦታ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ልዩነት አብሮ ቢነግር ስጦታው ሙሉ ይሆናል።

በቡናው ሥርዓት አንዱ ወቀጣ አቦልን፣ ቶናንና በረካን ይሰጣል፤ በመጨረሻም አተላው በጀበናው ውስጥ ይቀራል። ማቻ ግን ቅጠሉ ራሱ ስለሚጠጣ አተላም፣ ሁለተኛ ዙርም የለውም፤ የሚደገም ከሆነ እንደ አዲስ ይሠራል። ስኳርም በሳህኑ ውስጥ አይገባም፤ በጃፓን ሥርዓት ጣፋጩ አስቀድሞ ይበላና መራራው ይከተላል። የቡና ቁርስ ለሚያውቅ ቤተሰብ ይህ ቅደም ተከተል ቅርብ ነው። በወተት የሚሠራውን ለሚወዱ፣ በጾም ወቅት የሶያ ወይም የአጃ ወተት ሊተካ ይችላል፤ በውሃ ብቻ የሚሠራው ግን ከመነሻው ጾም ነው።

ማቻ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ከካፌይን ነጻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ2 ግራም ውስጥ 60 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን ስለሚገኝ፣ ቡና የሚያስነቃው ሰው ማታ ባይጠጣው ይሻላል፤ እርጉዝ ሴቶች በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳያልፉ የሚሰጠውን ምክርም ቡናውንና ማቻውን ደምረው ማስላት ይገባቸዋል። በሻይ ውስጥ ያሉት ካቴኪኖች ከጤፍና ከምስር የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ በከፊል ስለሚያግዱ፣ በምግብ ላይ ከመጠጣት ይልቅ አንድ ሰዓት ያህል ማሳለፍ የተሻለ ነው።

ማቻን በዚህ ጥንቃቄ መያዝ የቡናን ባህል የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ ትምህርት ነው። በጃፓን በዕለት ተዕለት የሚጠጣው በብዛት ተራው ቅጠል ሻይ ሲሆን፣ በውጭ ያሉ ካፌዎች ግን ማቻን በበረዶ፣ በወተትና በስኳር ለሰፊው ገበያ ሲያቀርቡት ጥላውና የድንጋይ ወፍጮው ከጠጪው ዕውቀት ውጭ ሆነዋል። ተመሳሳዩ ነገር በቡናም ላይ ደርሷል፤ የጢስ ማንቂያው እንዳይጮህ በመስኮት ሥር የሚቆላው ቤተሰብ እየቀነሰ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ የታሸገ ቡና የሚገዛው እየበዛ በሄደ ቁጥር፣ በሀገር ቤት በእንግዳው ፊት ይሠራ የነበረው ጥራት እንደ ማቻ ታሽጎ መምጣት ጀምሯል። ስለዚህ ለማቻ የሚቀርቡት ጥያቄዎች፣ የት በቀለ፣ መቼ ተለቀመ፣ መቼ ተፈጨ የሚሉት፣ ለቡናም መቅረብ አለባቸው። ኡጂን ከኒሺዮ መለየት የተማረ ኢትዮጵያዊ፣ «የኢትዮጵያ ቡና» ተብሎ በደፈናው የታሸገን ከረጢት ከመግዛቱ በፊት ከጅማ ይሁን ከሲዳማ ወይም ከሐረር፣ መቼ እንደተቆላም ሻጩን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ገበሬው የደከመበት ዋጋ የሚያገኘው እንዲህ የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ ነውና።