«አንቺማ ታውቂዋለሽ»

ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ሠርቼ መመለሴን የሰማች ሴት ልታማክረኝ ስትመጣ ከሁሉ አስቀድማ የምትለኝ ይህንን ነው፦ «አንቺማ ታውቂዋለሽ።» በፍቅር ነው የምትለው። ለእኔ ግን ከሥራዬ እንቅፋቶች ሁሉ ትልቁ ነው። እንዲህ ካለች በኋላ መናገር ታቆማለችና። «ማዳሟ ያው እንደምታውቂያት ናት» ብላ ሁለት ዓመት በአንድ ትንፋሽ ትዘላለች። እኔም ካልተጠነቀቅኩ ራሴን እየነቀነቅኩ አብሬያት እዘላለሁ፤ ያ ዘመን ባይነሣ እኔም ደስታዬ ነው። እውነቱ ግን እኔ የማውቀው የራሴን ማዳም ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ እጠይቃታለሁ። ስንተኛ ፎቅ ነበር? የምትተኚው የት ነበር? በሩን ማን ነበር የሚቆልፈው?

ይህን የምጽፈው «እኔም ብዙ መከራ አይቻለሁ፣ እንዳንቺ አማካሪ መሆን እፈልጋለሁ» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ ስለበዛችሁ ነው።

የእኔን ባጭሩ ልበለው። የሄድኩት እንደ ብዙዎቻችን በደላላ ነው። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከፋላ የሚሉት ይህንን ነው። ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷም ብዙውን ጊዜ በማዳሟ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ደመወዝ ሲቀር፣ ዱላ ሲመጣ የምትሄድበት የለም።

ስመለስ ቤተሰቦቼ ክፉ አልነበሩም። «እንኳን ነፍስሽ ተረፈ» አሉኝ፤ ስለ ገንዘብም ትንፍሽ ያለ የለም። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉን አላማም፤ ከሰው ጋር መቀመጥ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ግን ምን እንደደረሰብኝ የጠየቀኝ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ቤት ሆድ ይፍጀው እንላለን። ሆዴም አልፈጀውም። በረኪና በሸተተኝ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሽሮ እያማሰልኩ ድንገት ተመልሼ እዚያ ፎቅ ላይ ነኝ። ያገኘሁት ሥራ ደግሞ የቢሮ ጽዳት ነው፣ ከነበረኪናው! ቀን እሱን እየሠራሁ ማታ በኤክስቴንሽን ሳይኮሎጂ ተማርኩ።

ከተማርኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የጁዲት ኸርማን ሐሳብ ነው። ይህች አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1992 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ከጦርነትና ከምርኮ የተረፉ ሰዎችን የሚያሠቃያቸው ነገር በቤት ውስጥ ስትደበደብ የኖረችውንም ሴት እንደሚያሠቃያት አሳየች። ሕክምናው በታሪክ አይጀመርም፣ በደኅንነት እንጂ፤ ይህም የእሷ ትምህርት ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ይህ ማለት ከሁሉ በፊት የደላላውን ዕዳ፣ የምታድርበትን ቤት፣ የልጇን ነገር ማንሣት ነው። ዛሬ ማታ የት እንደምታድር የማታውቅን ሴት ስለ ቤይሩት ማናዘዝ ግፍ ነው።

የምሠራበት ዘዴ ኔት ይባላል። ጀርመን ውስጥ፣ ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ፣ ማጊ ሻወር፣ ፍራንክ ኖይነርና ቶማስ ኤልበርት ያዘጋጁት ነው። ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል። አንዱ ጫፍ የተወለደችበት ቀን ነው፤ በሌላው በኩል ገና ያልተኖረው ዕድሜ እንደተጠቀለለ ይቀመጣል። ለደጉ ቀን አበባ፣ ለክፉው ቀን ድንጋይ ታኖራለች። ከዚያ በየቀጠሮው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከልደቷ ጀምረን በቅደም ተከተል እንሄዳለን። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ቀስ እንላለን፤ ምን አየሽ፣ ምን ሸተተሽ፣ ሰውነትሽ ምን ሆነ፣ ምን አሰብሽ? እኔ እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አነብላታለሁ፣ ታርመዋለች። በመጨረሻ ታሪኳን ተጽፎ ትወስደዋለች።

የፍርሃት ትዝታ ሽታውንና ድምፁን አጥብቆ ይይዛል፤ ቀኑንና ቦታውን ግን ይጥላል። በረኪናው ሲሸት ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። መቼና የት የሚለውን እያስታወስን መልሰን ስናያይዘው ያለፈ ነገር መሆን ይጀምራል። ቀላል አይደለም፤ አንዳንዷ መሐል ላይ ትቀራለች።

ያልጠበቅኩት አበባውን ነው። ብዙዎቹ ቤይሩት ላይ ድንጋይ ብቻ እንደሚደረድሩ እርግጠኛ ሆነው ይጀምራሉ። ከዚያ አንዷን ማዶ ካለው ሕንፃ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች በአማርኛ የምታጫውታት ልጅ ትዝ ትላታለች። ስሟን እንኳ አታውቀውም። ብድግ ብላ አበባ ታነሣላታለች። (ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ አይደለም፤ የብዙዎቹን ቀላቅዬ ነው። የማንንም ገመና ፌስቡክ ላይ አላወጣም።)

ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። ዩጋንዳ ውስጥ ናኪቫሌ በሚባል የስደተኞች ሠፈር የተሠራ፣ በ2008 የታተመ ጥናት አለ። 277 የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞች ተሳትፈውበታል። ያከሟቸው ሐኪሞች አይደሉም፤ ከስደተኞቹ መሐል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ሕክምና ያገኙት ካላገኙት ይበልጥ ተሻላቸው። ሰው ይህን ሲሰማ «አየሽ፣ ያለፈበት ነው የሚያክመው» ይለኛል። እኔ ዓይኔ የሚያርፈው ሥልጠናው ላይ ነው። ናኪቫሌ ውስጥ ያለፈበት ሰው ሞልቷል፤ ማለፍ ብቻውን ቢበቃማ ሠፈሩ ውስጥ በሽተኛ ባልኖረ።

ማርሻ ሊንሃንንም አስቡ። በ1961፣ በ17 ዓመቷ፣ አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ ከሁለት ዓመት በላይ ተኝታለች። በኋላ ዲቢቲ የሚባለውን፣ ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች የሚሰጠውን ሕክምና የፈጠረችው እሷ ናት። የሙከራውን ውጤት በ1991 አሳተመች፤ የራሷን ታሪክ በአደባባይ የተናገረችው በ2011 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሕክምናዋ በውጤቱ ተመዘነ፣ ቁስሏ አደባባይ ሳይወጣ። እኔ ያን ያህል ትዕግሥት የለኝም፤ ይኸው እጽፋለሁ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ገመድ ዘርጉ፣ ከሌላ ባለሙያ ጋር። ከዚያ ትምህርቱን ተማሩ። በቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ሰርተፍኬት ሰጥተው «የትራውማ ባለሙያ» የሚያደርጓችሁ አሉ፤ ብራችሁን ያዙ። ሥራ ስትጀምሩም ያለ ሱፐርቫይዘር አትቀመጡ። የእኔዋ አረብ አገርን በአውሮፕላን መስኮት እንኳ አይታው አታውቅም። ስለዚህ ያጋጠመኝን ሁሉ ከሀ ጀምሬ አስረዳታለሁ፤ ማዳም ማን እንደሆነች፣ ከፋላ ምን እንደሆነ፣ የቱ የሴትየዋ ፍርሃት እንደሆነና የቱ የእኔ። አንድ ቀን «እዚያ የነበረ ሰው ይሻልሽ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም፣ አንቺው ይሻላል አልኳት።